ተቆጣጣሪዋ ጉንጯ አብጦ የመጣችበት ቀን

እስቲ ጸጥታ! ኬሊ-አን፣ ያንን ሙዚቃ ቀንሺልኝ። ከኋላ ያላችሁ፣ የሥጋውን ፓይ ለጊዜው ተዉት፣ የትም አይሄድም። ዴዝሞንድ፣ አንተ ደግሞ ቁጭ በል። ወንበሬን ለሰው ልልቀቅ እያልክ አታስቸግረኝ፤ ዛሬ ያንተ ቀን ነው።

እኔን ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። የዚህ የጥርስ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ሞይራ ነኝ፤ ግማሾቻችሁን ቀጠሮ ይዛችሁ በመቅረታችሁ በስልክ የተቆጣኋችሁ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ቀላል መስሎኝ ነው። ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ቀደድኩት። ስለዚህ ሰው ምን እንደማስብ አላውቅማ! ላመሰግነው እጀምርና መሐል ላይ ስቆጣ እገኛለሁ፤ ልቆጣው እጀምርና አልቅሼ አርፋለሁ። እንግዲህ እንደመጣልኝ ነው የምናገረው። ከተምታታባችሁ አይዟችሁ፣ እኔም ተምታቶብኛል።

ዶክተር ዴዝሞንድ ክራብትሪ እዚህ ፍሊትውድ ከተማችን መጥቶ ሥራ የጀመረ ዕለት እኔ ገና እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አዲስ ሐኪም ይመጣል ተብሎ፣ መሣሪያው ተዘጋጅቶ፣ በሽተኛው ተደርድሮ፣ በሩን በሩን እናያለን። ሰውየው የለም። ሰዓቱ አለፈ፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ ከጎናችን ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ፓውሊን ማበጠሪያዋን እንደያዘች እየሮጠች ገባች።

"ሞይራ! አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሱቄ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ደንበኛዬን አፍሽን ክፈቺ እያላት ነው። ፖሊስ ልጥራ ወይስ ያንቺ ነው?"

"የኔ ሳይሆን አይቀርም" አልኳት።

ሄጄ ሳይ እውነትም ቆሟል። ሴትዮዋ ፀጉሯ በአረፋ ተሸፍኖ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ተኝታለች። እሷም እኮ አንድ ቃል አልተናገረችም! ክንዱን ይዤ ሳወጣው፣ "ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፤ መታጠቢያ አለ፤ ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ፎጣ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሌላ ምን ላስብ?" አለኝ። እየጎተትኩ ወደ ክሊኒኩ አስገባሁት። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ሲሳሳት ምክንያቱን ሲነግረኝ ልክ ይመስለኛል፤ ልክ የሠራ ቀን ደግሞ ቤቱ በላያችን ላይ ይወድቃል።

ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን ነገር ላውጣው። ሰኞ ጠዋት ይህ በር ይከፈታል ወይ? አላውቅም። ዴዝሞንድ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከሄደ ሐኪም የለንም፤ ሐኪም ከሌለ ክሊኒክ የለንም። ነርሷ ኬሊ-አንና እንግዳ ተቀባይዋ ኦድሪ ሥራ የላቸውም፤ እናንተም ጥርሳችሁን የሚያይላችሁ የለም። በዚህ በባሕሩ ዳርቻ አዲስ በሽተኛ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ እዚያ የቆመው የትራም ሾፌራችን እኛ ዘንድ ከመመዝገቡ በፊት የራሱን መንጋጋ ጥርስ ጋራዥ ውስጥ በፒንሳ ነቅሏል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አሁን ተስፋችን አንድ ሰው ነው፤ ያ ጥግ ላይ ሻይ ይዞ የቆመው ዶክተር ሱኒል ናምቢያር፣ በጓሮ በኩል ጎረቤታችን የሆነው የጥርስ ሐኪም። "ክሊኒኩን እወስድ ይሆናል፤ ግን የመጨረሻ ቃሌን የምሰጠው ሽኝቱ ላይ፣ አንድ ነገር ከሰማሁ በኋላ ነው" ብሎኛል። ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ሱኒል፣ ሻይህን ጠጣ፣ አታየኝ።

እሺ። ወደ ሰውየው ጠባይ።

ጠዋት ጠዋት በሽተኛ ከመግባቱ በፊት በመሣሪያዎቹ ቱቦ ውስጥ ያደረው ውሃ ሁለት ደቂቃ መፍሰስ አለበት። ደንብ ነው፤ ተኝቶ ያደረ ውሃ ጀርም ያፈራል። ሌላ ሐኪም ሰዓቱን ያያል። ዴዝሞንድ ይዘምራል። ከልጅነቱ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አለ፤ ከነአዝማቹ ልክ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል ይላል። ድምፁን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ጠዋት አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ማዕበል የማይፈራ፣ ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ ሲያመራ ኦድሪ ያዘችው።

"የት ነው ጌታዬ? ገና ማንም አልገባም እኮ!"

"ታዲያ የሚጮኸው ማነው?"

"ሐኪሙ ነው።"

"ሐኪሙ እንዲህ ከጮኸ እኔማ ምን ልሆን ነው!" ብሎ ወጣ። በስንት ልመና መለስነው።

የሻይ ኩባያውስ? መሣሪያ ከጀርም የሚጸዳበት ክፍል ውስጥ የሚበላም የሚጠጣም ነገር አይገባም። በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ጽሑፉ ሥር ኩባያ አገኛለሁ። "ዴዝሞንድ፣ ይህ ምንድነው?" "ሻይ ነው፣ ትፈልጊያለሽ?" ይለኛል። ደግሞ ሁለት እጁን አፋችሁ ውስጥ ከትቶ ስለ ልጃችሁ ሠርግ የሚጠይቃችሁስ ነገር? "አ አ አ" ትላላችሁ፤ እሱ "በጣም ጥሩ፣ በግንቦት መሆኑ ደግ ነው" ይላል። የሚገርመው ግን በግንቦት ነው! እንዴት እንደሚሰማ አይገባኝም።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው ለቁጥጥር አዘጋጂ የተባልኩት። የመንግሥት የክሊኒክ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው የሚል መልእክት ሲደርሰን እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሱ ብስኩት ገዛ። በየምሳ ሰዓቱ ልምምድ አስገባቸው ነበር። እኔ ተቆጣጣሪ እሆናለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ።

"ዶክተር ክራብትሪ፣ በሽተኛ ራሱን ቢስት ኦክስጅኑ የት ነው ያለው?"

"ሞይራ ጋ።"

"እሺ፣ ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ ይበደላል ብለው ቢጠረጥሩ ለማን ያሳውቃሉ?"

"ለሞይራ።"

"ሞይራ ባትኖርስ?"

ትንሽ አሰበ። "ያኔማ አልቆልናል" አለ። ኬሊ-አን በሳቅ ወደቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያኔ አንድ ትልቅ ድርጅት ክሊኒኩን ሊገዛ ቃል ገብቶ ነበር፤ አዲስ ሐኪም ያመጣል፣ ዴዝሞንድ በክብር ያርፋል፣ እኛም ሥራችን ላይ እንቆያለን። ድርጅቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁጥጥሩን እንድናልፍ። አያችሁ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ?

ቀኑ ደረሰ። ተቆጣጣሪዋ መጣች። ስሟን አልጠራም፤ የግሏ ጉዳይ ነው። ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ እስከ ጉንጯ ድረስ ስካርፍ ጠምጥማለች። ክሊኒኩ ያበራል፤ ኩባያ የለም፤ የእሳት መከላከያ በሩ እንደ ደንቡ ተዘግቷል፤ ኦክስጅኑ ቦታው ላይ ነው፤ ዴዝሞንድ ክራቫት አድርጓል። "ዛሬስ አለፍን!" አልኩ በልቤ። ሻይ አቀረብን። ብስኩቱን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሻዩን በአንድ ጉንጯ በኩል ብቻ ይዛ ዋጠችው። እኔ ያየሁት ብስኩታችንን እንደናቀችው ነው። ዴዝሞንድ ያየው ሌላ ነው።

"ዶክተር፣ የድንገተኛ መድኃኒቶቻችሁን ማን ነው የሚቆጣጠረው?" ብላ ጀመረች።

"በየትኛው በኩል ነው?" አላት።

"ይቅርታ፣ አልገባኝም።"

"ጥርሱን ነው። የግራው የታች ይመስለኛል።"

በጠረጴዛው ሥር በእግሬ መታሁት፣ ዝም በል ለማለት። ለካ የመታሁት የሷን እግር ኖሯል! "ውይ!" አለች። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" አልኩ። "እሷን አትንኪያት፣ ታማለች" አለኝ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

"ዶክተር ክራብትሪ" አለች ቀና ብላ፣ "እባክዎ ጥያቄዬን ይመልሱልኝ።"

"እመልሳለሁ። ግን ስካርፉን ዝቅ ያድርጉልኝ።"

ለምን ዝቅ እንዳደረገችው አላውቅም። ምናልባት ደክሟት ነበር። እብጠቱ ከጉንጯ አልፎ ከመንጋጋዋ ሥር ወደ አንገቷ ወርዷል። ኬሊ-አን ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። ሴትዮዋ ሐኪም ፍለጋ ያልደወለችበት የለም፤ ሁሉም ተራ ጠብቂ ብለዋታል። የጥርስ ክሊኒክ ስትቆጣጠር የምትውል ሴት የጥርስ ሐኪም አጥታ!

"ለመዋጥ ይከብድዎታል?" አላት።

"ትንሽ።"

"እንግዲያው ከዚህ በኋላ አንድም ጥያቄ አልመልስም። ይነሱ፣ ወደ ወንበሩ እንሂድ።"

"አይቻልም! የምቆጣጠረው ሐኪም ሊያክመኝ አይችልም። ቁጥጥሩ ይበላሻል።"

"ይበላሽ።"

"ዴዝሞንድ!" አልኩ እኔ። ገዢው ድርጅት፣ የኬሊ-አን ደሞዝ፣ የናንተ ጥርስ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። "እሷ ራሷ አይቻልም እያለች ነው፤ ትክክል ናት፤ ደንቡ ነው!" አልኩት። ትክክልም ነበረች። ደንቡ የተጻፈው በምክንያት ነው፤ ሐኪም ተቆጣጣሪውን እያከመ ጥሩ ወረቀት የሚያጽፍበት አገር ይሁን? እኔ እስከ አሁን በደንቡ አምናለሁ። ግን ሴትዮዋም ፊቴ ላይ ናት፤ ስትናገር ምራቋን በመሐረብ እየያዘች። የቱ ይቅደም?

እሱ ግን ጓሮ በኩል ወዳለው መስኮት ሄዶ ከፈተው። "ሱኒል!" ብሎ ጮኸ።

አሁን ይህን ለማታውቁ ልናገር። ሱኒልና ዴዝሞንድ ለዓመታት አልተነጋገሩም ነበር። ጓሮውን እንጋራለን፤ የመርፌና የደም ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ቢጫ በርሜልም የጋራ ነው። አንድ ቀን ዴዝሞንድ መኪናውን ለማቆም በርሜሉን ገፍቶ ሱኒል ደጃፍ ላይ አቆመው። ሱኒል መልሶ ገፋው። እንዲህ ሲገፉት ስንት ክረምት አለፈ፤ ሁለት የተማሩ ሰዎች! ሰላምታ እንኳ ቀረ። መልእክት የምናመላልሰው እኔና የሱኒል ነርስ ነበርን።

የሱኒል መስኮት ተከፈተ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በርሜሉን ልታነሳ ነው?"

"አንዲት በሽተኛ አለችኝ። ማከም አልችልም፤ የማይነገር ምክንያት አለ።"

"ማን ነው የማይናገረው? አንተ ወይስ እሷ?"

"ሱኒል፣ እብጠቱ አንገት ወርዷል።"

"አምጣት" አለ።

ዝናብ ነበር። ዣንጥላ ይዞላት፣ ክንዷን ደግፎ፣ በርሜሉን ዞረው ጓሮ ለጓሮ ሄዱ። ሱኒል ጥርሱን ከፍቶ መግሉን አወጣላት፤ ከዚያ ራሱ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሆስፒታል አደረሳት። እዚያ ያለው ሐኪም፣ እስከ ማግስቱ ቢቆይ መተንፈሻዋ ይዘጋ ነበር አላት። ይህን በኋላ ስልክ ደውላ የነገረችኝ እሷው ናት። "ዶክተሩን አመስግኚልኝ፤ ባለውለታዬ ስለሆነ ግን የሱን ክሊኒክ ከእንግዲህ ልቆጣጠር አልችልም" አለችኝ። ገባኝ። አልገባኝምም።

ሌላ ተቆጣጣሪ መጣ። ወንድ ነው፤ ጥርሱ ደህና ነው፤ ብስኩታችንን በላ። ባልታሰበ ቀን ነው የመጣብን። የእሳት በሩ በጓንት ካርቶን ተይዞ ተከፍቷል፤ የሕፃናቱ የኦክስጅን ጭምብል የለም፤ የመሣሪያ መሳቢያውን ሲከፍት ደግሞ የሻይ ኩባያ ወጣ። ግማሽ ሻይ ከነማንኪያው። "ይህ ለምንድነው የሚያገለግለው?" አለኝ። መስፈርቱን አላሟሉም ተባልን። ጥፋቶቹ እውነት ናቸው፤ ሰውየው አልዋሸብንም፤ ወራት ፈጅተን ሁሉንም አስተካከልን። ግን ገዢው ድርጅት ወዲያው ሸሸ። ዴዝሞንድም ማረፍ ሲገባው ይኸው እስከ ዛሬ ሠራ።

ዴዝሞንድ፣ በዚያ ቀን ምክንያት ምን ያህል እንደተናደድኩብህ ታውቃለህ? ለአንድ የማናውቃት ሴት ብለህ ሁላችንንም ሸጥከን አልኩህ። በር ዘግቼ ነው የነገርኩህ፤ አሁን በሕዝብ ፊት ልበለው። አንተ ደግሞ አልተከራከርክም። "እውነትሽን ነው" አልክ። ብትከራከረኝ ደስ ይለኝ ነበር! እውነትሽን ነው ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

አሁን ትንሽ ጠብቁኝ። መሐረብ አለህ፣ ዴዝሞንድ? ... ንጹሕ ነው? እሺ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ ገባ። ቆሞ ቀረ። "ሞይራ፣ ዛሬ እጄ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ" አለኝ። "ማን አየ?" አልኩት። "ማንም።" "በሽተኛው ተጎዳ?" "አልተጎዳም።" "ታዲያ?" "ታዲያ እኔ አየሁ" አለ። ያን ዕለት ነው የሚያቆምበትን ቀን የቆረጠው፤ እስከዚያም እንደ ጥርስ መንቀል ያለውን ከባድ ሥራ ሁሉ ለሌሎች ክሊኒኮች አስተላለፈ። ማንም ተቆጣጣሪ አልጠየቀውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ ለጥፌአለሁ፤ ይህን የሚል ደንብ የት ይለጠፋል? አንተ ሻይህን መሳቢያ ውስጥ የምትደብቅ ሰው፣ ይህንን አልደበቅከኝም። አመሰግንሃለሁ። በነዚህ ሁሉ ሰዎች አፍ ስም፣ በኔም ስም፣ አመሰግንሃለሁ። ስንቆጣህ ስላልጠላኸን፣ ስንፈራ ስላልሳቅክብን።

እንግዲህ ሱኒል። በዚያ ዝናብ ምክንያት መነጋገር ጀመሩ፤ በርሜሉም መሐል ላይ ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት ሱኒል ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦ "ሠራተኞቹን ሁሉ፣ በሽተኞቹንም ሁሉ እወስዳለሁ። አንድ ሰው አይቀነስም። ግን ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው በሽተኛዬ ዴዝሞንድ ራሱ ነው። እሺ ካላለ አልወስድም።"

"ምነው?" አልኩት።

"የዚያን ሰው አፍ ማን አይቶት ያውቃል?" አለኝ።

አሰብኩ። ማንም! ሚስቱ ማርጆሪ ያቻት፣ ራሷን እየነቀነቀች ነው። ለዓመታት የሰው አፍ ሲያይ የኖረ ሰው፣ የራሱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ሄጄ አፋጠጥኩት። "ለምን?" አልኩት። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ "እፈራለሁ" አለኝ።

እፈራለሁ! ስቄ ልሞት ነበር፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ለካ የእናንተን ፍርሃት ያወቀው ትምህርት ቤት አይደለም። እንዲህ እየፈራህ በየቀኑ እንዴት ገባህ? አይገባኝም፤ ሰው እንዴት በሚፈራው ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያጽናና ይኖራል? አንተን ገባኝ ባልኩ ቁጥር ትጠፋብኛለህ።

እሺ፣ ብርጭቆ ያዙ። ያልያዘ ይያዝ፤ ኦድሪ፣ ለሱኒልም ሻዩን ትተሽ ወይን ቅጂለት። ዴዝሞንድ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ከማርጆሪ ጋር ባሕሩ ዳር ያለ ቀጠሮ ሂዱ፤ ያለ ሰዓት ተኙ፤ ሻይህን የትም አስቀምጥ፣ ማንም አይቆጣህ። ጤናህ አይጉደል፤ ቤትህ ሰው አይጣ።

ግን ከመጠጣታችን በፊት መልስህን እንፈልጋለን። ሱኒል ቆሞ እያየህ ነው፤ ኬሊ-አን ጥፍሯን ልትጨርስ ነው። ሰኞ ጠዋት ትመጣለህ?

... ምን? ጮክ በል፣ ኋላ ያሉት አልሰሙህም።

... ዝም በሉ እስቲ! ምን እንዳለ ልንገራችሁ። "አንቺ እጄን ትይዣለሽ?" ነው ያለው።

እይዛለሁ፣ ዴዝሞንድ። ሱኒል እስኪጨርስ አልለቅህም። ሱኒል፣ ሰማህ? ... እሺ አለ! ሱኒል ክሊኒኩን ሊወስድ እሺ ብሏል፣ ምስክር ናችሁ! ለዴዝሞንድ! ጠጡ፣ ጠጡ እንጂ፣ እኔን ምን ታዩኛላችሁ!